ከፊግማ በፊት ወረቀት፦ ሐዋሳ ላይ ሆናችሁ ዩኤክስ ዲዛይን ለመማር

ዩኤክስ ዲዛይን መማር የሚፈልጉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጠይቁት «የትኛውን ሶፍትዌር ልማር?» ብለው ነው። አይፈረድባቸውም። ዩቲዩብ ላይ የሚታየው ሁሉ ፊግማ ነው፤ ቀለሙ፣ ጥላው፣ የሚያምረው ስክሪን። ትልቁ ሥራ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። አንድ ሰው የሚፈልገውን ነገር ሳይደናገር አግኝቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ እንዲወጣ ማድረግ። ይህን ለመማር መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ኮምፒውተር አይደለም። ደብተርና ሰው ነው።

ስሞቹን ባጭሩ እንያቸው። «ዩዘር ኤክስፒሪየንስ» (ባጭሩ ዩኤክስ) የሚለውን ስም በሥራ መደቡ ላይ ያስገባው ዶን ኖርማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል ውስጥ ሲሠራ። «ኢንፎርሜሽን አርክቴክት» የሚለውን ደግሞ ቀደም ብሎ በ1976 ያስተዋወቀው ሪቻርድ ሶል ወርማን ነው። ወርማን በትምህርቱ የሕንፃ አርክቴክት ነበር። ዩኤክስ የሚባለው አገልግሎቱን የሚጠቀመው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያልፍበት ነገር በሙሉ ነው። ኢንፎርሜሽን አርክቴክቸር በውስጡ ያለ ሥራ ነው፤ ምን ከምን ጋር ይቀመጥ፣ ምን ተብሎ ይጠራ፣ የቱ ይቅደም። ተጠቃሚው ይህን ሥራ አያየውም። ሲጎድል ግን ወዲያው ይጠፋበታል።

ከዚህ በታች የማሳያችሁ አንድ ፕሮጀክት ከመነሻው እስከ መጨረሻው የምትሠሩበትን መንገድ ነው። ትምህርት ወይም ሥራ ላይ ላለ ሰው ሁለት ወር ገደማ ይበቃዋል። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ መቀስ፣ ጠንከር ያለ ወረቀትና ስልክ ያዙ። ኮምፒውተር የምትፈልጉት ወደ መጨረሻው ነው።

1. ትንሽ ችግር ምረጡ

ብዙ ጀማሪ የሚሮጠው የትልቅ ባንክ አፕ «እንደገና ልሥራው» ብሎ ነው። እባካችሁ በዚያ አትጀምሩ። የባንኩን ደንበኞች ሰብስባችሁ አታናግሩም። ውስጥ ያለውን ሕግና ገደብ አታውቁም። የሠራችሁት ሥራ ላይ ሲውልም አታዩም። የሚቀራችሁ ቀለም መቀየር ብቻ ነው።

ይልቅ በባጃጅ የምትደርሱበትን ነገር ምረጡ። ተጠቃሚዎቹን በአካል የምታገኟቸው ይሁን፤ ብዙ ዓይነት ዕቃ ወይም መረጃ ይኑርበት፤ ባለቤቱም ሊያናግራችሁ ፈቃደኛ ይሁን። የመናኸሪያ ትኬት አቆራረጥ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ያለው የጀልባ ኪራይ፣ የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣ ሁሉም ይሆናሉ።

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ዕቃ አለ። ገዢው የዕቃውን ስም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ባለሱቁ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ፎቶ ይለጥፋል፤ ፎቶው ይከማቻል፤ ከወር በኋላ የፈለጉትን ማግኘት አይቻልም። መረጃ ማደራጀትን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በዚህ ጽሑፍ ምሳሌዬ እሱ ነው።

2. ሱቁ ውስጥ ቁጭ በሉ

መጀመሪያ ፈቃድ። ባለሱቁ ፋታ ሲያገኝ ቀረብ በሉና እንዲህ በሉ፦ «ጋሼ፣ ዲዛይን እየተማርኩ ነው። ደንበኞችዎ ዕቃ እንዴት እንደሚጠይቁ ማየት ፈልጌ ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ፣ ሥራ አላስፈታዎትም። ሲያልቅ ለቴሌግራም ቻናልዎ ማውጫ እሠራልዎታለሁ።» የምትሰጡትን ነገር በግልጽ ተናገሩ። ሰው እንዲሁ ሲታይ ደስ አይለውም። ምን እንደሚያገኝ ካወቀ ግን ወንበር ያመጣላችኋል።

በሁለት የተለያየ ሰዓት ሂዱ። አንዱ ጠዋት ይሁን፤ ሠራተኞች ለዕለቱ ሥራ ዕቃ የሚወስዱበት። ሌላው ወደ ማታ ወይም ቅዳሜ፤ የቤት ባለቤቶች ራሳቸው የሚመጡበት። የሚጠይቁበት መንገድ አይገናኝም።

ደብተራችሁን በአራት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ደንበኛው ያለውን ቃል፣ ሳታስተካክሉ። በሁለተኛው በእጁ ያሳየውን። በሦስተኛው ባለሱቁ መልሶ የጠየቀውን። በአራተኛው በመጨረሻ የተሸጠውን።

ለምሳሌ አንዲት እናት «ያ እንኳ፣ የቧንቧው መክፈቻ» ትላለች። ቧንቧ ሠራተኛው «ሩቢኔት፣ ግማሽ ኢንች» ይላል። አንድ ወጣት የተሰበረውን በፌስታል ይዞ ይመጣና «እንደዚህ ዓይነት» ይላል። ዕቃው አንድ ነው። የመጡበት በር ግን ሦስት ነው። የምትሠሩት ነገር ለሦስቱም መግቢያ ሊኖረው ይገባል፦ በተለምዶው ስም፣ በባለሙያው ስም፣ በፎቶ።

ሦስተኛውን ዓምድ አደራ በደንብ ጻፉት። ባለሱቁ «ለቤት ውስጥ ነው ለግቢ?»፣ «ስንት ኢንች?»፣ «የፕላስቲክ ነው የብረት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሰው ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ማጣሪያ ነው። ነጋዴው በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚጠይቅ ልብ በሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምርጫውን በጣም የሚያጠብበው ነው። ወደፊት ስክሪናችሁ ላይ የሚመጣው ማጣሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሁን።

ከዚያ ጥቂት ሰዎችን አናግሩ። እዚህ ላይ ይሉኝታን ማሰብ አለባችሁ። «እንዲህ ያለ አፕ ቢሠራ ይጠቀሙበታል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ነው። ሰው ፊት ለፊት የወጣት ልፋት አያጣጥልም። ያ መልስ ምርቃት ነው እንጂ መረጃ አይደለም። ስለወደፊቱ አትጠይቁ፤ ስላለፈው ጠይቁ። «መጨረሻ ዕቃ የገዙት መቼ ነበር? ምን ተበላሽቶ ነው? መጀመሪያ ማን ጋ ደወሉ? ስንት ሱቅ ዞሩ? የተሳሳተ ዕቃ ይዘው ተመልሰው ያውቃሉ?» የሆነውን ነገር ሲተርኩላችሁ ችግሩ ራሱ ይወጣል። አንድ ሰው መናገር ሲጀምር አታቋርጡት። ዝም ካለም ትንሽ ጠብቁት፤ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ ከዝምታው ቀጥሎ ይመጣል።

3. ያለውን ሁሉ ዘርዝሩ

አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አይዘለልም። ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ በዝርዝር ጻፉ። ስም፣ ሌላ መጠሪያ፣ መጠን፣ ቻናሉ ላይ ፎቶ አለው ወይስ የለውም። ጎግል ሺትስ ካላችሁ በእሱ፣ ከሌላችሁ በደብተር። ቻናሉ ላይ ያለውንም አብራችሁ ቁጠሩት፤ ስንት ልጥፍ ተደጋግሟል፣ ስንቱ ዋጋው አሮጌ ነው። ስታደራጁ ምን እንደምታደራጁ ማወቅ አለባችሁ፤ ይኸው ነው።

4. ካርድ ማስመደብ

ከዝርዝሩ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑ ዕቃዎችን ምረጡ። ወረቀቱን በመቀስ እኩል እኩል ቁረጡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ዕቃ ጻፉ፦ ጎሚቶ፣ ቴፍሎን፣ ሶኬት፣ ፌሮ፣ ብሎን፣ ፊሻ፣ የቀለም ብሩሽ፣ የበር እጀታ። ካርዶቹን በውዙና ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ «አብረው ይሄዳሉ የሚሉትን አንድ ላይ ያስቀምጡ» በሉ። ምድቡን እናንተ አትስጡ። ሲጨርሱ ለየክምሩ ስም እንዲያወጡ ጠይቁ። ስሙን እንዳለ ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ።

የአጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚህ ዓይነት ሙከራ 15 ሰው በቂ እንደሆነ ጽፎ ነበር። 15 ከበዛባችሁ በ10 ጀምሩ። ግን ዓይነቱን ቀላቅሉ። ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ቀለም ቀቢ፣ ቤት የሚያሠራ ሰው፣ ተከራይ፣ የሱቁ ረዳት። ሁሉም ጓደኞቻችሁ ከሆኑ የምታገኙት የጓደኞቻችሁን ጭንቅላት ብቻ ነው።

ማንበብ ለሚከብደው ሰው ካርድ አትስጡ። ዕቃዎቹን ራሳቸውን ወይም የታተመ ፎቶ አቅርቡ። ሐዋሳ የብዙ ቋንቋ ከተማ ነው። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገር ሰው ክምሩን በሚቀለው ቋንቋ ይጥራው። የነገራችሁን ጻፉና ትርጉሙን ራሱን ጠይቁት። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ አማርኛውም ሲዳምኛውም ያለበት ስክሪን ሲመጣ ቦታው እንዴት እንደሚሆን ከአሁኑ ማሰብ ትጀምራላችሁ።

ሰዎች ሲመድቡ ጮክ ብለው እንዲያስቡ ጠይቁ። ቴፍሎኑን አንስቶ «ይሄ... ከቧንቧ ጋር ነው... ቆይ» ያለበት ቦታ ለእናንተ ወርቅ ነው። ካርዱ ሁለት ቤት አለው ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ አንድ ዕቃ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል። ስክሪን ላይ ግን ያው ዕቃ በሁለት ምድብ ሊታይ ይችላል። ይህን ነፃነት ተጠቀሙበት፤ ግን በልክ። ሁሉን ነገር ሁሉም ቦታ ካስገባችሁ ምድብ የሚባል ነገር አይኖርም።

ውጤቱን ለመተንተን ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ካርዶቹን በቁመትም በወርድም የጻፋችሁበት ሰንጠረዥ ሥሩ። ሁለት ካርድ ስንት ሰው አንድ ላይ እንዳስቀመጣቸው መገናኛው ላይ ቁጠሩ። ከ15ቱ 12ቱ አንድ ላይ ካደረጓቸው አትለያዩአቸው። 7 እና 8 ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ፍርዱ የእናንተ ነው፤ ወደ ደብተራችሁ ተመለሱ።

ለልዩነቱ ተዘጋጁ። ባለሱቅ ብዙ ጊዜ ዕቃውን በአምራቹ ወይም በተሠራበት ነገር ይመድባል። ባለሙያ በሥራው። የቤት ባለቤት በክፍሉ፦ «የሽንት ቤት»፣ «የኩሽና»፣ «የግቢ»። አንዱም አልተሳሳተም። ጥያቄው ማውጫውን የሚጠቀመው ማን ነው የሚለው ነው። ባለሱቁ ዕቃውን በጨለማም ያገኘዋል። ስለዚህ የእሱ ምድብ ሜኑ መሆን የለበትም። ይህን ለባለሱቁ በአክብሮት ማስረዳት የሙያው አካል ነው። ደብተሩን አሳዩት፤ የደንበኞቹን ቃል ሲያነብ ይረዳችኋል።

5. ቅደም ተከተሉን ወስኑ

ወርማን መረጃ የሚደረደርባቸው መንገዶች አምስት ብቻ ናቸው ይል ነበር፦ በቦታ፣ በፊደል፣ በጊዜ፣ በዓይነት፣ በመጠን ወይም በደረጃ። አምስቱንም በዕቃዎቹ ላይ ሞክሯቸው። ለቀለም በዓይነት ይሻላል። ለብሎን በመጠን። ለአዲስ ዕቃ በጊዜ።

በፊደል መደርደር ላይ ግን ተጠንቀቁ። እንግሊዝኛ ላይ የሚሠራው እኛ ጋ ሁልጊዜ አይሠራም። ሀ ለ ሐ መን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን «ጠ» ከ«ነ» ስንት ፊደል እንደሚርቅ ሳያስብ የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ ብዙ አፖች ላይ የምታዩት ዝርዝር በእንግሊዝኛው ፊደል ተደርድሮ ከዚያ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነው። ለአንባቢው ቅደም ተከተል የለውም። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ በብዛት የሚፈለገውን ከላይ አድርጉ። ረጅም ከሆነ መፈለጊያ ስጡት።

መፈለጊያውም የራሱ ጣጣ አለው። ከተማችንን «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ»፣ «አዋሳ» ብሎ የሚጽፍ አለ። የእኛኑ ሱቅ «ሕንፃ መሣሪያ» የሚለውም «ህንጻ መሳሪያ» የሚለውም አለ። ሰው የሚጽፈው ኪቦርዱ ላይ ቀድሞ ባገኘው ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። መፈለጊያው እነዚህን እንደ አንድ ካልቆጠረ ዕቃው ሱቅ ውስጥ እያለ «አልተገኘም» ይላል። አፕ ከሚሠራ ፕሮግራመር ጋር ስትሠሩ ይህን በጽሑፍ ስጡት፤ ሁለቱን ፊደል ወደ አንድ ማምጣት ለእሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ግን መፈለጊያው በእጃችሁ ስላልሆነ፣ ልጥፉ ውስጥ የተለመዱትን አጻጻፎች ሁሉ አስገቡ።

6. ስም አውጡ

ስም ከራሳችሁ አታፍልቁ። ደብተሩ ውስጥ አለ። የመጀመሪያውን ዓምድ አውጡና በብዛት የተባለውን ቃል ውሰዱ። የባለሙያውን ስም ከሥሩ በትንሹ ጨምሩ፦ «የቧንቧ መክፈቻ»፣ ከሥሩ «ሩቢኔት»። ሁለቱም ሰው ራሱን ያገኛል። ለማማር ብላችሁ ማንም የማይናገረውን ቃል አታስገቡ።

«ልዩ ልዩ» ወይም «ሌሎች» የሚል ምድብ ካላችሁ ካርዶቹን እንደገና እዩ። እዚያ የገባ ዕቃ ተቀበረ ማለት ነው።

አንድ በየቦታው የሚነገር ነገርም ላርም። «ሜኑ ከ7 በላይ መሆን የለበትም» ሲባል ትሰማላችሁ። መነሻው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የሚያወራው ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዘው ስለሚችለው ነው። ሜኑ ግን ዓይን ፊት ነው ያለው፤ በቃል አይያዝም። ግልጽ የሆኑ 9 ምድቦች ከተድበሰበሱ 5 ምድቦች ይሻላሉ።

7. ዛፉን በባዶው ፈትኑት

ገና ምንም አትሳሉ። ምድቦቹን ብቻ በወረቀት ላይ ጻፉ፤ ዋናው ምድብ፣ ከሥሩ ንዑሶቹ። ዛፍ የምለው ይህን ነው። ለአንድ ሰው ሥራ ስጡት፦ «ኩሽና ውስጥ ውኃ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያድራል። የሚቀየረውን ዕቃ የት ይፈልጉታል?» በጥያቄው ውስጥ ሜኑው ላይ ያለውን ቃል አታስገቡ፤ አለበለዚያ ቃል ማመሳሰል ይሆናል። የመጀመሪያ ምርጫውንና የተመለሰበትን ቦታ ጻፉ። ብዙ ሰው አንድ ቦታ ላይ ተሳስቶ ከተመለሰ ጥፋቱ የስሙ ወይም የምድቡ ነው። አስተካክላችሁ በሌላ ሰው ሞክሩ። ይህች ሙከራ የሚያምረው ስክሪን ከተሠራ በኋላ የሚመጣን ብዙ ፀፀት ታስቀራለች።

8. አሁን ስክሪኑን ሳሉ

መጀመሪያ በእርሳስ፣ በስልክ መጠን በተቆረጠ ወረቀት። ከዚያ ፊግማ። ፊግማ በነፃ የሚሠራበት አማራጭ አለው፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። ክፍት ምንጭ የሆነውን ፔንፖትንም ሞክሩ። ፍሬማችሁን፣ ማለት የምትስሉበትን የስክሪን ሳጥን፣ 360 በ800 ፒክስል አድርጉ፤ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች በዚያ አካባቢ ናቸው። በላፕቶፕ ሰፊ ስክሪን ላይ ጀምራችሁ በኋላ ማጥበብ አስቸጋሪ ነው።

የሚነካ ነገር ሁሉ ለጣት ይብቃ። ለአንድሮይድ የሚመከረው 48 በ48 ነው፤ በዚሁ ፍሬም ላይ 48 በ48 ፒክስል ማለት ነው። የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት (ንጽጽር) ደግሞ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የሚለው ይህንን ነው። የሐዋሳን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ፈዘዝ ያለ ግራጫ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ያምራል፤ ሥራ ቦታ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ግንበኛ ግን የለም። ሥራችሁን ስልክ ላይ ጭናችሁ ደጅ ወጥታችሁ እዩት።

ስለ ፊደላችን ትንሽ ልዘርዝር፤ የውጭ ትምህርቶቹ ይህን አይነግሯችሁም። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ስለዚህ እንግሊዝኛው በትልልቅ ፊደል የሚያጎላውን እኛ በመጠን፣ በውፍረትና በክፍተት ነው የምናጎላው። በትንሽ መጠን በጣም ካወፈራችሁት እንደ «ቋ» እና «ጿ» ያሉት ፊደላት ውስጣቸው ይደፈንና ይመሳሰላሉ። መጠኑን ከእንግሊዝኛው ከፍ አድርጉት፤ የመስመር ርቀቱን 1.5 አካባቢ ያዙ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ ጥሩ ፎንት ነው። አማርኛ ግሥ ብዙ ነገር አዝሎ ስለሚመጣ በአንድ ቃል ብቻ የሚጫነውን ቁልፍ ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በእውነተኛ የአማርኛ ጽሑፍ ሥሩ። የላቲን ማሟያ ጽሑፍ ለጥፋችሁ የሠራችሁት ዲዛይን አማርኛው ሲገባ ይፈርሳል።

ፎርም ካላችሁ ደግሞ እነዚህን አስቡ። የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብላችሁ ጠይቁ። ለማድረሻ አድራሻ የመንገድ ቁጥርና ፖስታ ኮድ አታስገድዱ። ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ፣ ከዚያ ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ ለምልክት ስጡ፤ «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ በር» ብሎ የሚጽፍበት። ስልክ ቁጥሩ በ09 ብቻ ሳይሆን በ07 የሚጀምረውንም ይቀበል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ ጀምሮ ሁለቱም አለ። ሰዓት ስትጽፉ «3:00» ብላችሁ አትተዉት፤ የእኛና የውጩ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ስለሚለያይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» በሉ። ቀን መምረጫው የኢትዮጵያ ከሆነ 13 ወር ይኑረው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት።

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚታየውንም ስክሪን ሳሉ። ጀማሪ ሁሌ የሚረሳው እሱን ነው። ባዶ ነጭ ገጽ አይሁን። «ኔትወርክ የለም። የጻፉት አልጠፋም፤ ሲመለስ ይላካል» የሚል ይሁን፤ እውነትም እንዲሆን ከፕሮግራመሩ ጋር ተነጋገሩ።

9. በ5 ሰው ፈትኑ

ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ተጠቃሚ አብዛኛውን ችግር እንደሚያወጣ ጽፎ ነበር፤ በስሌቱ 85 በመቶ ገደማ። ምክሩ ግን አንድ ጊዜ በአምስት ሞክራችሁ ተገላገሉ አይደለም። በአምስት ሞክሩ፣ አስተካክሉ፣ እንደገና በአምስት ሞክሩ ነው። ባለሙያውና የቤት ባለቤቱ የተለያዩ ስለሆኑ ከሁለቱም ውሰዱ።

ፀጥ ያለ ካፌ ወይም የሱቁ አግዳሚ ይበቃል። ማኪያቶ ጋብዙ። ከመጀመራችሁ በፊት «የምንፈትነው ሥራውን ነው፣ እርስዎን አይደለም። ከተቸገሩ ጥፋቱ የሥራው ነው» በሉ። ሥራ ስጡና ዝም በሉ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ሰውየው ሲቸገር እጃችሁ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ያዙት። «ይሄን ልጫን?» ሲሏችሁ «እርስዎ ምን ይሆናል ብለው ያስባሉ?» ብላችሁ መልሱ።

በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች «እኔ የዚህን ነገር አላውቅበትም፣ ልጄ ትምጣ» ሊሉ ይችላሉ። በዚህ ቃል አትለፉት። ያ ቃል ከየትኛው ስክሪን ላይ እንደወጣ ጻፉ። ሰውየው በሙሉ ሕይወቱ ቤት ሠርቷል፣ ነግዷል፣ ልጅ አሳድጓል። አላውቅም ያሰኘው የእናንተ ስክሪን ነው። እዚያ ስክሪን ላይ ያለውን ቃልና ምልክት አንድ በአንድ መርምሩ።

ማስታወሻችሁን በዚያው ቀን ጻፉት። ሰው ያለውንና ያደረገውን ለዩ። «ቀላል ነው» እያለ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው ካለ፣ የምትይዙት መመለሱን ነው።

10. ሥራውን አስረክቡ፣ ከዚያ አሳዩት

አፕ መሆን የለበትም። ለሱቁ የሚበቃው ቻናሉ አናት ላይ የተሰካ አንድ መልእክት ሊሆን ይችላል፤ ምድቦቹ ተዘርዝረው፣ እያንዳንዱ ወደ ልጥፉ የሚወስድ ሊንክ ያለው። ከሥሩ ባለሱቁ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ፦ «ሲያዝዙ መጠኑንና የፎቶውን ቁጥር ይላኩ»። ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ ደረሰኙ የሚላክበትን ቦታ እዚያው አድርጉ። ባለሱቁ አዲስ ዕቃ ሲለጥፍ የሚከተለውን አጭር ሕግ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ያለዚያ ሥርዓቱ በወር ውስጥ ይበተናል።

ለፖርትፎሊዮ፣ ማለት ሥራችሁን ለቀጣሪ ለምታሳዩበት ስብስብ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ችግሩ፣ ያያችሁት፣ የካርዶቹ ፎቶ፣ የመጀመሪያው ምድብና የተቀየረው፣ የተቀየረበት ምክንያት። ቀጣሪ የሚፈልገው ምክንያቱን ነው። የሰዎች ፎቶና ስም ያለፈቃዳቸው አታውጡ።

ጎን ለጎን የምትማሩትን በተመለከተ፣ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣቸውን 10 የአጠቃቀም መርሆች በሳምንት አንድ አንድ ያዙ። እያንዳንዱን ስልካችሁ ላይ ባለ አፕ ፈልጉት፤ የት ተጠብቋል፣ የት ተጥሷል። ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ ያለው የጎግል ዩኤክስ ኮርስ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። ክፍያው ከከበዳችሁ የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያውን ሞክሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ አጋር ፈልጉ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፉ ግን ዲዛይነር ያጡ ተማሪዎች አይጠፉም። አንድ ፕሮግራመር ከያዛችሁ የሁለታችሁም ሥራ ነፍስ ይዘራል።

ካስረከባችሁ ከሦስት ወይም አራት ሳምንት በኋላ ወደ ሱቁ ተመለሱ። ባለሱቁን «ማውጫው ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሰዎች አሁንም ደውለው የሚጠይቁት ምንድን ነው?» በሉት። የሚነግራችሁን ጥያቄዎች ጻፉና ለእያንዳንዱ መልሱ ማውጫው ላይ የት እንዳለ ፈልጉ። ከሌለ ጨምሩ። ካለና ካልታየ ቦታውን ወይም ስሙን ቀይሩ። ሁለተኛውን ፕሮጀክት ስትመርጡ ፎርም ያለበት ይሁን፤ የክሊኒክ ቀጠሮ ወይም የማኅበር ምዝገባ። የካርዱን ሥራ አሁን ታውቁታላችሁ፤ ያኛው ደግሞ ሰውን መረጃ መጠየቅ ያስተምራችኋል።